ሐይቅ ውስጥ የቀረው የወፍጮ ሞተር፦ ስለ አያ አስረስ ደጉ

የላሊበላን ወፍጮ ለብዙ ዘመን ያንቀሳቀሱት፣ ከሙጃ እስከ ጋሸና ሞተር እምቢ ያለው ሁሉ ሲጠራቸው የኖሩት አቶ አስረስ ደጉ፣ ባለፈው ጥር የጥምቀት ታቦታት ወደ መንበራቸው በተመለሱ በአራተኛው ቀን ጧት፣ ከመኝታቸው ሳይነሡ አርፈዋል። ለጥቂት ቀናት ከማሳል በቀር የከፋ ሕመም አልነበረባቸውም። ቀብራቸው በተወለዱበት ደብር ተፈጽሟል፤ ሸኚው ከመብዛቱ የተነሣ ዳገቱን የሚወጣው ሰው ሳያልቅ ጸሎቱ አልቆ ነበር።

ይህን የምጽፈው አናጺው ካሳ ነኝ። በቀብሩ ማግስት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው «ደግ ሰው ነበሩ፤ ያቺ የወፍጮዋ ነገር ባትኖርባቸው» አለ። ሌላው የትኛዋ ነገር እንደሆነች ሲጠይቀው «ሞተሩን ይዤው እመለሳለሁ ብለው ምለው ወስደው አስቀሩት እኮ! እናቴ ስንት ዘመን በድንጋይ ፈጨች!» ሲል መለሰለት።

ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ሰውየው ያወራው ከእናቱ የሰማውን ነው፤ እናቱም አልዋሸችም። የያዝኩትን ብርጭቆ ግን መሬት አስቀመጥኩ። ያ ሞተር ለምን እንዳልተመለሰ አውቃለሁ። እያወቅኩ አርባ ዓመት ዝም ብያለሁ። ዝም ስል የአንድ ሰው ስም ሲጎድፍ ቆይቷል። አሁን ይህን ጽሑፍ በአርባቸው ቀን ራሴ ቆሜ ላነበው ለልጆቻቸው ቃል ገብቻለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፈውም እየፈራሁ ነው።

አያ አስረስን በቅርብ ላላወቃችሁ፣ እንዲህ ነበሩ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ጣታቸው ወፍራም፣ ንግግራቸው ቁጥብ። የተበላሸ ሞተር ዘንድ ሲጠሩ መፍቻ አያወጡም። መጀመሪያ አስነሥተው፣ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ባለቤቱ ሲቸኩል «መጀመሪያ ስማው፤ ከዚያ ትፈታዋለህ» ይሉታል። የፈቱትን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ ጆንያ ላይ ይደረድሩታል፤ ያንን ጆንያ የተሻገረ ቄስም ቢሆን አይምሩትም።

በወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ላይ ከገነተ ማርያም ወዲያ የመጣች፣ ልጅ ያዘለች ሴት ካዩ ጆንያዋን ራሳቸው ተሸክመው ያስቀድሙላታል። ተራዋ የተወሰደባት ስታጉረመርም «አንቺ ቤትሽ እዚህ ማዶ ነው። ከመሸብሽ እኔ እሸኝሻለሁ፣ ባልሽ ካልተቆጣ» ይሏታል። ሰልፉ ሁሉ ይስቃል፤ ተቆጥታ የነበረችውም ትስቃለች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ወፍጮው ከባለቤቱ ተወርሶ በገበሬ ማኅበሩ እጅ ነበር፤ አያ አስረስም ተቀጥረው ያንቀሳቅሱታል። አንድ ቀን በደሴ በኩል አንድ ጂፕ መጣ። ከጂፑ የወረደው ካድሬ የያዘው ደብዳቤ እንዲህ የሚል ነበር። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ የተቋቋመ የዓሣ አምራቾች ማኅበር ከአንድ ሀብታም የተወረሰች አሮጌ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ አለችው። ሞተሯ ሞቷል፣ እንጨቷ በስብሷል። ለአብዮት በዓል ከበላይ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ በእርሷ ሐይቁን ይዞራል። ስለዚህ ጀልባዋ ትታደስ፤ ሞተርም የላሊበላው ወፍጮ ሞተር ይገጠምላት፤ ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል።

ለምን የእኛ ሞተር እንደ ተመረጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያን ጊዜ መጠየቅም የሚታሰብ አልነበረም።

ሞተሩ ተነቅሎ መኪና ላይ ሲጫን ሴቶቹ ጆንያቸውን እንደያዙ ወጡ። አንዲት ባልቴት የመኪናውን በር ጨብጠው «አስረስ፣ በስተርጅና በድንጋይ ልታስፈጨኝ ነው? አለቅም! በላዬ ላይ ንዱት!» አሉ። ካድሬው ሁለት ታጣቂዎችን በዓይኑ ጠቀሰ። ያን ጊዜ አያ አስረስ በመካከል ገቡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እማማ፣ ለበዓሉ ብቻ ነው። እኔው ይዤው እሄዳለሁ፣ እኔው ይዤው እመለሳለሁ። ላሊበላን!» ብለው ማሉ። ባልቴቷ በሩን ለቀቁ። አያ አስረስ ሲምሉ ያ የመጀመሪያቸው ነበርና ሕዝቡም አምኖ ተበተነ።

በኋላ ስንጓዝ በእጃቸው ያልሆነውን ነገር ለምን እንደማሉ ጠየቅኳቸው። «እማማ በሩን ባይለቁ ኖሮ ካድሬው ይዟቸው ይሄድ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ለእንጨቱ ሥራ አናጺ ሲፈለግ የእኔን ስም የጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ የቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት፣ አትሮንስና ሣጥን የምሠራ ሰው ነኝ። ካሳ የገጠመው ሳንቃ ጸጉር አያሳልፍም ይባልልኝ ነበር፤ እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ጀልባ ግን በግድግዳ ሥዕል ላይ ካለው ከኖኅ መርከብ በቀር አይቼ አላውቅም። አያ አስረስም አላዩም። ሁለታችንም ዋና አንችልም።

ሐይቁን ሳየው ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ለደጋ ሰው ውኃ ማለት ከጉልበት የማያልፍ፣ ክረምት መጥቶ በጋ የሚሄድ ነገር ነው። ይህ ግን ዝም ብሎ ተኝቷል። የተቀበለን ይማም የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ረጅምና ቀጭን፣ ዕድሜውን በደንገል ታንኳ ላይ የጨረሰ ሰው። ጥልቅ እንደሆነ ስጠይቀው «ወላሂ፣ ከዚች ድንጋይ አለፍ ካልክ ገመድም አይደርስበት» አለኝና ፊቴን አይቶ «አብሽር፣ እሱም ቢሆን የሚወስደው ቀኑ የደረሰበትን ነው» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱ አልተዋጠልኝም።

ካድሬው በመጀመሪያው ቀን አቁሞን ተናገረ። «ጓዶች፣ ለበዓሉ ካልደረሰች አልቻልንም፣ አላወቅንም የሚል ነገር የለም። አሻጥር ነው የሚባለው። የአሻጥር ቅጣቱን ታውቃላችሁ።» በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያች ቃል ምን እንደምታስከትል ያውቃል። ከሄደ በኋላ ይማም ጎንበስ ብሎ፣ ከእኛ በፊት የጀልባዋን ሞተር ሊያነሣ ሞክሮ ያልተሳካለት አንድ መካኒክ እንደነበረ ነገረን። «አንድ ጧት መጥተው ወሰዱት። ዕቃው ይኸው እዚህ አለ» ብሎ በመጠለያው ጥግ የተበተኑ መፍቻዎች አሳየን።

እኔ ወደዚያ ጥግ መቅረብ አልወደድኩም። አያ አስረስ ግን ሄደው መፍቻዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። ከእኛዎቹ የተሻሉ ነበሩ፤ ቢሆንም አልተጠቀሙባቸውም። በዘይት ጨርቅ ወልውለው፣ በጆንያ ጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ሰቀሏቸው። «ባለቤታቸው ሲመጣ ዝገው እንዳያገኛቸው» አሉ። ባለቤታቸው እኛ እዚያ እስካለን ድረስ አልመጣም።

ሥራ ጀመርን። ጀልባዋን ከደንገሉ መካከል ጎትተን አወጣናት፤ የበሰበሰውን ሳንቃ እየነቀልኩ ጎድኖቿን አራቆትኳቸው። አያ አስረስ የሞተውን ሞተር ሦስት ቀን በናፍጣ ዘፍዝፈው ቢሞክሩትም ሆዱ ተሰንጥቆ ስለነበር ተስፋ ቆረጡበት። ከዚያ የእኛን ሞተር በወፍራም የወይራ አግዳሚ ላይ አሰሩት። ወፍጮውን ታዞር የነበረችው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ አሁን ከጀልባዋ ኋላ ያለውን ዘንግ እንድታዞር፣ ዘንጉም ውኃ ውስጥ ያለውን ባለ ሦስት ክንፍ ብረት እንዲያሽከረክር አደረጉ። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ውኃ እንዳያስገባ ከመኪና ከላማዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆራርጠው ቀለበት ሠሩለት። የጂፕ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁለታችንም ሥራ እናቆማለን። ካለፈ በኋላ አያ አስረስ «አለፈ» ይላሉ፣ እንቀጥላለን።

ሞተሩ መጀመሪያ በደረቅ መሬት ላይ የተነሣ ቀን ያልጠበቅነው መጣብን። እንደምታውቁት የወፍጮ ሞተር ጭስ መውጫው ላይ ቆርቆሮ ይደረግለታል፤ ቱክ ቱክ የሚለው ድምፁ ማዶ ለማዶ ተሰምቶ ወፍጮ መከፈቱን ይናገራል። አያ አስረስ ከልማድ የተነሣ ቆርቆሮዋንም አብረው ገጥመዋት ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ከየመንደሩ ሴቶች እህል ተሸክመው ደረሱ። አንዷ ጀልባዋን ዞር ዞር ብላ አየችና «የእህሉ ማፍሰሻ በየት በኩል ነው?» አለች። ይማም መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እኛም ልንስቅ ስንል ካድሬው ደረሰ፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያለ ፈቃድ ማን እንደሰበሰበ ጠየቀ። ቀኑን ሙሉ ስማችንን፣ የአባታችንን ስም፣ ከአብዮቱ በፊት ምን እንሠራ እንደነበር ሲጽፍ ዋለ። በማግስቱ አያ አስረስ ቆርቆሮዋን ነቀሏት።

ሁለተኛው ስህተታችን ከዚህ የባሰ ነበር። የወፍጮ ሞተር እንዳይግል አጠገቡ ውኃ የሞላ በርሜል ይቆምለታል፤ ውኃው በቱቦ እየዞረ ያበርደዋል። እኛም በርሜሉን ከላሊበላ ድረስ ተሸክመን መጥተን፣ ከሐይቁ በባልዲ ሞልተን፣ ጀልባዋ ላይ አቆምነው። ይማም አፉን ይዞ ያየናል፤ መካኒኮቹ የሚያውቁት ነገር አለ ብሎ ዝም አለ። ከባሕሩ ዳር ትንሽ እንደ ራቅን አያ አስረስ መሪዋን ሲያዞሩ በርሜሉ አዘመመ፣ ጀልባዋም አብራው። ውኃው በጎኗ ሲገባ አየሁት። እጄን የምይዝበት ሳጣ የአያ አስረስን ኮሌታ ያዝኩ፤ እሳቸው የእኔን ቀበቶ ያዙ። «ማርያም! ማርያም!» ከማለት በቀር ከአፌ የወጣ አልነበረም። ይማምና ጓደኞቹ በታንኳ ደርሰው ጎተቱን።

መሬት ስንደርስ አያ አስረስ ለረጅም ጊዜ ተንበርክከው ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሐይቁን፣ ቀጥሎም በርሜሉን አዩ። «ካሳ፣ ይህን ሁሉ ውኃ ትተን እኮ ነው ውኃ የተሸከምነው!» አሉና እኔ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቅ ሳቅ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በርሜሉ ቀርቶ ከሐይቁ የሚስብ ቱቦ ተደረገ።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ብዬ ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። ዋንዛውን አድርቄ፣ ልጌ፣ ሳንቃ ከሳንቃ ጋር አንዳች ክፍተት ሳልተው እንደ በር ገጠምኩት፤ መጋጠሚያውንም በሬንጅ ደፈንኩት። አምሮ ነበር። ይማም እጁን አሻሸበትና «አናጺው፣ እንጨቱ ገና ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ያብጣል። ማበጫ አልተውክለትም» አለኝ። እኔ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ እንጨት የያዝኩ ሰው ነኝ። ዓሣ አስጋሪ እንጨት ሊያስተምረኝ መሆኑ አናደደኝና ጀርባዬን ሰጠሁት።

አያ አስረስ ሰሙ። «ካሳ፣ ሰውየው የሚለውን ስማው። ውኃውን ከእኛ በላይ ያውቀዋል» አሉኝ። እኔም «አያ፣ እርስዎ ሞተሩን፣ እኔ እንጨቱን» ብዬ መለስኩላቸው። ለታላቄ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ፍርሃቱ አክርሮኝ ነበር ልበል እንጂ ትዕቢትም ነበረበት። ቀኑ ደርሷል፤ ሳንቃውን ነቅዬ እንደገና ልጀምር ብል ለበዓሉ አንደርስም፤ ካልደረስን ያች «አሻጥር» የምትባል ቃል አለች። አያ አስረስ ትንሽ አዩኝና ወደ ሞተራቸው ተመለሱ።

ጀልባዋ በበዓሉ ዋዜማ ውኃ ላይ ዋለች፣ አደረች። በበዓሉ ጧት ባንዲራ ተሰቀለባት፣ ወለሏ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ባለሥልጣኑ ከነአጃቢዎቹ ወጣ። አያ አስረስ ከሞተሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላቸው ነበርን። ሞተሩ ተነሣ፤ ከዳር ራቅን። የሐይቁ መካከል ሳንደርስ ከእግሬ በታች አንድ ነገር ጠቅ ሲል ሰማሁ። የእንጨት ድምፅ ነው፤ የእንጨት ሰው አይጠፋውም። ሳንቃው አብጦ፣ የሚሄድበት ቢያጣ ከጎድኑ ላይ ምስማሩን እየነቀለ ተነሥቷል። ከምንጣፉ ሥር ውኃ መጣ።

አያ አስረስን አየኋቸው። እሳቸውም ሰምተዋል። ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉና እንደሚቀመጡበት አድርገው ቀዳዳው ላይ ጣሉት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡና በሁለት እግራቸው ሳንቃውን ወደ ቦታው ገፍተው ያዙት። አንድ እጃቸው ሞተሩ ላይ ነበር። ባለሥልጣኑ በሐይቁ ማዶ ወዳለው ገዳም እየጠቆመ ይጠይቃል፣ ካድሬው ይመልሳል። እኔ የማየው ጋቢው ቀስ በቀስ ሲጠቁር ነው።

ካድሬው ዘወር ብሎ «አንተ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ ምን ተዘርፍጠህ ትቀመጣለህ? ደግሞ ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አላቸው።

«ሞተሩ ነው፣ ጓድ። ተጠግቼ ካልሰማሁት አይታዘዘኝም፤ የሚያንቀጠቅጠኝም እሱ ነው» አሉ።

ባለሥልጣኑ ሳቀ። «ተወው፣ ሥራውን የሚወድ ሠራተኛ ነው» አለ። ሐይቁን ዞረን ተመለስን። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ አልሄድኩም።

ከዳር እንደ ደረስን እንግዶቹ ወርደው ወደ ሜዳው፣ ወደ ንግግሩ ሄዱ። አያ አስረስ ወደ ካድሬው ሮጥ ብለው «ጓድ፣ ጀልባዋን ወደ ደረቅ ጎትተን እናውጣና እንመጣለን» አሉት። «ንግግሩን ረግጣችሁ? ቅደሙ!» አለን። ተደርድረን ተቀመጥን። ከተቀመጥንበት የጀልባዋ አፍንጫ ይታያል። ተናጋሪው ሲያቆም ይጨበጨባል፤ በተጨበጨበ ቁጥር ያቺን አፍንጫ አያለሁ፤ ባየኋት ቁጥር ዝቅ ብላለች። እጄ አልታዘዝ ሲለኝ አያ አስረስ በጆሮዬ «አጨብጭብ፣ ካሳ። አጨብጭብ» አሉኝ። እሳቸውም ሱሪያቸው እስከ ጭን እንደ ራሰ፣ ዓይናቸው ሞተራቸው ላይ እንዳለ አጨበጨቡ። አራተኛው ንግግር ሲያልቅ ጀልባዋ አልነበረችም። የታሰረችበት ገመድ ተበጥሶ፣ ይማም ከነገረኝ ድንጋይ ወዲያ ሄዳለች።

ባለሥልጣኑ ሳያይ መኪናው ተነሣ። ከዚያ ካድሬው እኛን ውኃው ዳር አቆመን። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አሻጥሩ የማን ነው? እንጨቱ ነው ሞተሩ?» አለ።

ቤቴ ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሚስቴ ሦስተኛውን ልትወልድ ወሩ ነው። ያ በጆንያ የተጠቀለለው የመካኒኩ ዕቃ ትዝ አለኝ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል ሳልወስን አያ አስረስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ።

«ጓድ፣ እንጨቱ ደህና ነበር። የወፍጮ ሞተር ለጀልባ ይከብዳል፤ ሳንቃውን የነቀለው ንዝረቱ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ሌላ ቦታ ይሁን ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ያለ ልመና አልለመንኳቸውም። አንድም ቀን።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?» አለኝ።

እኔም «አዎ» አልኩ።

ለአርባ ዓመት ያልነገርኳችሁ ይህችን ነው። አያ አስረስን እዚያው አሰሯቸው። ሲወስዷቸው ዞር ብለው «ቤቴን እይልኝ» ብቻ አሉኝ። እኔ በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ አገሬ ተመለስኩ። ለቤታቸው እንጨት ፈለጥኩ፣ ጣራቸውን ከደንኩ፤ ሰውም «ካሳ እንዴት ያለ ጓደኛ ነው» አለ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተፈቱ። ጥርሳቸው ጎድሎ፣ ቀኝ ጆሯቸው የማይሰማ ሆኖ መጡ። ያን ጆሮ ለሞተር ያውሉት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ካቻቢቴውን ወደ ግራ አዛወሩት። የቀድሞው ወፍጮ ቤት በር ላይ ሴቶች ሲያዩዋቸው ፊታቸውን አዞሩ። እነዚያ የመኪናውን በር የያዙት ባልቴትም «ምለህ ነበር፣ አስረስ» አሏቸው። አያ አስረስ «አዎን እማማ፣ ምዬ ነበር» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

አንድ ቀን ብቻዬን አግኝቼ፣ ወጥቼ ልናገር እንደሆነ ነገርኳቸው። «እኔ ከወጣሁ በኋላ አንተ ልትገባ? ልጆችህን ማን ሊያበላ? ተወው» አሉኝ። ይህ በደርግ ጊዜ እውነት ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላስ? ያን ጊዜ የሚያስረኝ አልነበረም። ነገ እናገራለሁ እያልኩ፣ በየዓመቱ በዓሉን አብረን እየበላን፣ የልጆቼን ክርስትና እያነሡልኝ ዘመኑ አለፈ። የፈራሁት እስር አልነበረም። የእናንተን ዓይን ነው።

ይህን ከመጻፌ በፊት ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ዘውዴ ሄጄ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «አውቃለሁ» አሉ። «ከእስር በመጣ ማግሥት ነግሮኛል። ‹ካሳ ፈርቶ ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ጀልባዋ ላይ የተንቀጠቀጥኩት በሞተሩ አልነበረም› አለኝ። እንዳልናገር በማርያም አስማለኝ። ገበያ ስሄድ የአታላይ ሚስት ሲሉኝ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።»

ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሱ ይቅር ብሎሃል። እኔ ግን አርባው ቀን ቆመህ ስትነግራቸው እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ።

አያ አስረስ፣ እንግዲህ ሰዎቹ ተሰብስበዋል፤ እትዬ ዘውዴም ከፊት ተቀምጠዋል። እርስዎ የማሉት የአንዲትን ባልቴት እጅ ከመኪና በር ለማስለቀቅ፣ የታሰሩት ደግሞ የእኔን አንገት ከገመድ ለማስጣል ነው። ሰው ሁሉ እርስዎ የማይፈሩ ይመስለው ነበር፤ እርስዎ ግን እንደ እኔው እየፈሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። እኔ ያችን አንድ እርምጃ እስከ ዛሬ መሄድ አቅቶኝ ቆየሁ። ዛሬም እፈራለሁ፤ ቢሆንም ቆሜያለሁ። በዚያ ውኃ ዳር «እውነት ነው?» ተብዬ ነበር፤ ልጆችዎ እየሰሙ አሁን እመልሳለሁ። እውነት አልነበረም። ሳንቃው የእኔ ነው። በሰላም ይረፉ፣ አያ።